አልነሳም ያለችው ሊፍ፦ አንዲት አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና አዳማ ውስጥ እንዴት ተፈትታ እንደተሸጠች

መኪናዋ ኒሳን ሊፍ ናት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2013 ሞዴል። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የአዳማ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ሄደው ሁለተኛ እጅ ነው የገዟት። የቤንዚን ሰልፍ አንገሽግሿቸው ነበር። ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ የልጅ ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስ በደንብ አገለገለቻቸው። ከዚያ ባትሪው እያነሰ እያነሰ ሄደና ግቢ ውስጥ ቆመች። ለወራት ቆይታ ልትነሳ ሲባል ጭራሽ ዝም አለች።

የእኔ ሥራ ሶላርና ባትሪ ነው። የተጠራሁትም «ባትሪው ለሶላር ይሆናል ወይ?» ተብሎ ነው። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ስለተከታተልኩት በዝርዝር ልጽፈው ፈለግሁ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ዛሬ አዲስ የሆኑት ሁሉ አንድ ቀን የጋሼ ሊፍ የደረሰችበት ይደርሳሉ። ያኔ ባለቤቶቹ ምን ያድርጉ? ስለ መግዛት ብዙ ይወራል፣ ስለ መፍታት ግን የሚያወራ የለም።

የብር ቁጥር ሆን ብዬ ትቻለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ወር ሳይሞላው ይቀየራል። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር እናንተ ስታነቡት ወይ ያስቃል ወይ ያሳስታል። የቱ ከየቱ እንደሚበልጥ ግን ቶሎ አይለወጥም፣ እሱን እነግራችኋለሁ።

ለምን ቆመች

ሊፍ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገበያ ላይ ስትወጣ በብዛት ከተመረቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዷ ነበረች። የጋሼዋ ባትሪ አዲስ ሳለ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። ውስጡ 48 ሞጁሎች፣ ማለትም ትንንሽ የባትሪ ጥቅሎች አሉ። እያንዳንዱ ሞጁል አራት ሴል (የባትሪ ትንሹ ክፍል) ሲይዝ በድምሩ 192 ሴል ይሆናል። ሲያያዙ 360 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። የሙሉ ባትሪው ክብደት 300 ኪሎ ገደማ ነው።

የዚች መኪና ትልቁ ድክመት ባትሪዋ ማቀዝቀዣ የሌለው መሆኑ ነው። ዛሬ የሚመጡት አብዛኞቹ መኪኖች ባትሪያቸውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ። የሊፍ ባትሪ ግን በታሸገ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የመጣበትን ሙቀት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ፣ በረሃማዋ ፊኒክስ ከተማ ያሉ ባለቤቶች «ባትሪያችን ያለ ዕድሜው ደከመ» ብለው አቤት ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ኒሳን ለባትሪው አቅም ዋስትና የሰጠው። ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም ባትሪ ያመጣው ደግሞ በ2015 ሞዴል ነው። የጋሼ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። የአዳማ ፀሐይ እንደ ፊኒክስ ባይከፋም እንደ አዲስ አበባም አይራራም። በበጋ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሌለው ግቢ ቆማ ስትውል ዝም ብሎ መቆሙ ራሱ ያስረጃታል።

ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳዩ 12 ትንንሽ መስመሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚጠፋው አቅሙ 85 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ በየስድስት በመቶው ገደማ አንድ ይጠፋል። ለጋሼ 7 ብቻ ቀርተዋቸው ነበር።

ከተማ ውስጥ ለመዞር ይሄ ይበቃል። ጋሼን ያስመረራቸው የአዲስ አበባ መንገድ ነው፣ ልጃቸው እዚያ ነው የምትኖረው። ሲመጡ ቁልቁለት ነው፣ ችግር የለም። ሲሄዱ ግን ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ መግቢያ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ቶን ተኩል የሚሆን መኪና ከነተሳፋሪው ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። በፈጣን መንገድ ፍጥነት የሚበላው ሌላ 13 ወይም 14 አለ። ባትሪው ውስጥ ለመንዳት የቀረው ደግሞ 12 አካባቢ ነው። ሒሳቡ አይሞላም። መንገድ ላይ በፈጣን መሙያ ልሙላ እንዳይሉ የሊፍ ሶኬት ቻዴሞ የሚባለው ዓይነት ነው። እዚህ የበዙት የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙት ጂ ቢ ቲ የሚባለውን ነው። አይገጥምም።

ባትሪውን በሌላ መቀየርም ታስቦ ነበር። ጥሩ ባትሪ ከውጭ አስመጥቶ ቀረጥና ማጓጓዣ ከፍሎ ማስገጠም መኪናዋ ራሷ ከምታወጣው ሊበልጥ ሆነ። ይሄ ሐሳብ እዚያው ቀረ።

ሦስት ዋጋ

ደላላው ቀድሞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሞተ ነገር ነው። አይነሳም፣ ባትሪው አልቋል። ቦታ ከሚይዝብዎት እኔ ላንሳልዎት» አላቸው። የሰጠው ዋጋ ከአራት አዳዲስ ጎማዎች ዋጋ ብዙም የሚርቅ አልነበረም።

ቁራሌው ደግሞ የሚያውቀው ኪሎ ነው። ብረቱን ገመተ፣ አሉሚኒየሙን በእጁ አንኳኳ፣ ከደላላውም ያነሰ ዋጋ ጠራ። ስለ ባትሪው ሲጠየቅ «እሱን አውጥታችሁ ስጡኝ» አለ። ቢያንስ የማያውቀውን እንደማያውቅ ተናገረ፣ ከደላላው ይሻላል።

ሦስተኛው የሰፈሩ መካኒክ ነው። ጎማና ቸርኬውን፣ ስፖኪዮውን፣ መብራቶቹን ነጥሎ ለመግዛት ጠየቀ። ዋጋው መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን የሚፈልገው ጎማዎቹን በዚያኑ ቀን ፈትቶ ለመውሰድ ነው። ጎማ የሌላት መኪና ደግሞ አትነዳም፣ ያልተነዳች መኪና አትመረመርም። የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ስትፈታ የምትሸጠው ብረትም ባትሪም ብቻ አይደለም፣ ስለ ዕቃው ያለህን ማስረጃም ነው። ያንን ማስረጃ በርካሽ የምትሰጥህ መኪናዋ ራሷ ናት፣ ያውም አንድ ብሎን ሳይላላ በፊት።

ከመፍታት በፊት

መጀመሪያ የፈተሽኩት ትልቁን ባትሪ አይደለም። ሊፍ እንደማንኛውም መኪና 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አላት። ኮምፒውተሮቹን የሚያስነሳውና ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚስበው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናዋ ዝም ትላለች። ለወራት በቆመች መኪና ላይ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው። ከጎረቤት መኪና ላይ ባትሪ ተውሰን አሠርን። ዳሽቦርዱ በራ፣ ለመንዳት ዝግጁ ነኝ የሚለው ምልክት መጣ። «የሞተ ነገር ነው» የተባለችው ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ሄደች። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ደላላው የተወላቸውን ስልክ ቁጥር ብቻ ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱት።

ቀጥሎ መሙላት ነበረብን። ችግሩ የመሙያ ገመዷ የለችም። የጋሼ የእህት ልጅ ነገሩን ለማፋጠን ብሎ ቀድሞ ሸጧታል። በቀላሉ የምትሸጠው እሷ ናት፣ ፎቶዋን የለጠፈ ዕለት ነው ገዢ የመጣው። ጋሼ ሲሰሙ «አንተ ልጅ፣ ማሰሮውን ሳታይ ማማሰያውን ትሸጣለህ?» አሉት። ልጁ አዲስ አበባ ካለ የሊፍ ባለቤት ሌላ ገመድ በኪራይ እስኪያመጣ ሥራው ቆመ። ያ ኪራይና የመጓጓዣው ወጪ ከገመዷ ከተገኘው ብር ላይ ጥሩ ቁራሽ ቆርሷል።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። ለሊፍ የተሠራ ሊፍ ስፓይ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ትንሽ ብሉቱዝ ትሰካለህ፣ ስልክህ የባትሪውን ሆድ ዕቃ ይዘረግፍልሃል። የጋሼ ባትሪ ጤንነት 58 በመቶ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ከቀሩት 7 መስመሮች ጋር የሚሄድ ነው።

ለእኔ ዋናው ግን ያ ቁጥር አልነበረም። መተግበሪያው 96 የሴል ጥንዶችን ቮልቴጅ ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለት ጥንድ አንድ ሞጁል ነው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ሁሉም እኩል ይመስላሉ፣ ምንም አይነግሩህም። ማንነታቸው የሚወጣው ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ ያውም ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ መኪናዋን ሞልተን አዳማን ዞርንባት። ወደ ማለቁ ስትደርስ በሞጆ አቅጣጫ ተርባይኖቹ ወደቆሙበት ዳገት ወጣንባት። ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን የምታስጠነቅቀው የኤሊ ምልክት ልትበራ ስትል ከመሀል የተወሰኑ ጥንዶች ከጓደኞቻቸው በግልጽ ወደ ታች ወረዱ። ስክሪኑን ፎቶ አነሳን። ደካሞቹ የትኞቹ እንደሆኑ ባትሪው ሳይከፈት ታወቀ።

ይሄ ምን ያህል ሥራ እንደሚያስቀር ልንገራችሁ። አንዱን ሞጁል ነጥሎ እስከ 8.2 ቮልት መሙላት፣ ከዚያ ቻርጁን በ10 አምፔር እያወረዱ ስንት አምፔር ሰዓት እንደሰጠ መለካት ለማውረዱ ብቻ አራት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህን በ48 አባዙት። ከመኪናዋ በተገኘው መረጃ ግን ደካሞቹን ሁሉንም፣ ከጤነኞቹ ደግሞ ለናሙና ያህል ጥቂቶቹን መለካት በቃን። በዚያው ቀን ሞተሩ፣ ማርሹ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ መስኮቶቹና መብራቶቹ ሲሠሩ በቪዲዮ ተቀረጹ። ኪሎሜትሩም አብሮ ታየ። የቪዲዮው ጥቅም ኋላ ላይ ገባን።

ብርቱካናማው ገመድ

ጋራዡን የሰጠን ያው መካኒክ ነው። ጎማውን በኋላ እንደሚያገኝ ሲነገረው ተስማማ። ሰውዬው ብርቱ ነው። ግን እንደ ብዙ መካኒኮቻችን ኤሌክትሪክን የሚያውቀው በ12 ቮልት ነው። «ስንቱን የፈታሁትን!» ብሎ ፒንሳውን ይዞ ሊገባ ሲል ያዝኩት። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ የሚሳሳት ሰው ብልጭታ ያያል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ቤቱ ላይገባ ይችላል።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ቁልፉ ጠፍቶ ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የ12 ቮልቱ ኔጌቲቭ ተነቀለ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ምንጣፉ ሥር ያለው የአገልግሎት መሰኪያ ወጣ። ይህ መሰኪያ ባትሪውን መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል። ያወጣው ሰው ኪሱ ከተተው፣ ማንም ተሳስቶ እንዳይመልሰው። ከዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው ዕቃ) ውስጥ ያሉት ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች የያዙትን እስኪያፈሱ። ቀጥሎ እስከ 1,000 ቮልት በሚችል ቴስተር መለካት፣ 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት እጅ ላይ ሆኖ። ዜሮ ካላየን ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ የሚነካ አልነበረም።

ብዙ ሰው መሰኪያው ከወጣ ባትሪው የሞተ ይመስለዋል። አልሞተም። ከሁለት ተከፈለ እንጂ እያንዳንዱ ግማሽ ወደ 180 ቮልት ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላም ጥንቃቄው አይላላም። ቀለበትና ሰዓት ወለቁ። የመፍቻዎቹ እጀታ በፕላስቲክ ተሸፈነ። ማንም ብቻውን እንዳይሠራ ተባለ።

ባትሪውን ማውረዱ ራሱ ቀኑን በላው። 300 ኪሎ በአንድ ክሪክ አይወርድም። ከጎማ ቤት ተጨማሪ ክሪኮች ተውሰን፣ ከሥር ጣውላ ደርድረን፣ በየማዕዘኑ ጥቂት ጥቂት እያልን አወረድነው። ክዳኑ በብሎን ብቻ ሳይሆን በማሸጊያ ሙጫም ተጣብቋል። ሙጫውን በቀስታ መቁረጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። በውስጥ ሞጁሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ድልድዮች ተራ በተራ ወለቁ፣ የተነሳው ወዲያው በፕላስቲክ እየተሸፈነ። እያንዳንዱ ሞጁል 3.8 ኪሎ ገደማ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ ቁጥሩ፣ ቮልቱ፣ ደረጃውና ቀኑ በማርከር ተጻፈበት።

48ቱ ሞጁሎች የት ገቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ብር የመጣው ከዚህ ነውና።

በደረጃ መለየት የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ኒሳንና ሱሚቶሞ ያቋቋሙት ፎር አር ኢነርጂ የተባለ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ናሚዬ በምትባል ከተማ ያረጁ የሊፍ ባትሪዎችን የሚመረምርና እንደ ደረጃቸው ለሌላ አገልግሎት የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ከፍቷል። ምርጦቹ ተመልሰው መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ የደከሙት ደግሞ እንደ መጠባበቂያ ኃይል ላለ ቀላል ሥራ ይሄዳሉ። እኛም ያንኑ በጋራዥ አቅም ሠራነው።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «12 ቮልት ይሆናል?» ብሎ ነው። አይሆንም። አንዱ ሞጁል በአማካይ 7.6 ቮልት ነው። ሁለቱ ሲያያዙ 15.2፣ ሲሞሉ 16.6 ይደርሳሉ። የ12 ቮልት ዕቃ ያቃጥላሉ። ለ48 ቮልት ኢንቨርተር ግን ሰባቱ ሲያያዙ ልክ ይመጣሉ፣ በአማካይ 53 ሲሞሉ 58 ቮልት። አዲስ ሳለ 500 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረ ሞጁል አሁን 290 ገደማ ስለሚይዝ የሰባቱ ስብስብ ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ገዢ ፖስታ ቤት አካባቢ የፎቶ ኮፒና የህትመት ሱቅ ያለው ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ጎረቤቱ በጭሱ ይጮህበታል። 14 ሞጁል ወሰደ፣ በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት። «ያረጀ ባትሪ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር። ሒሳቡን አሳየሁት። መኪናዋ በሙሉ ኃይሏ ስትነዳ 80 ኪሎዋት ትስባለች። በ360 ቮልት ይህ ከ220 አምፔር በላይ ነው፣ እያንዳንዱ ሞጁል ያንን ሁሉ ሲችል ኖሯል። የእሱ ማሽን 1 ኪሎዋት ቢስብ በሁለቱ ረድፎች ተከፍሎ ለአንዱ 10 አምፔር እንኳ አይደርሰውም። ለመኪና ያረጀ ነገር ለሱቅ ገና ጎልማሳ ነው። ይህን ሲሰማ ሳይሆን ቴስተሩን በራሱ እጅ ይዞ የፈለገውን ሞጁል መርጦ ሲለካ ነው ያመነው። በማርከር የተጻፈውና ቴስተሩ ያሳየው አንድ ሆኑ።

ሌላ 14 የሄደው በወንጂ መንገድ ዶሮ ለሚያረባ ሰው ነው። ጫጩቶቹ ሌሊት መብራት ካጡ ይሞቱበታል። የሁለቱም ስብስብ እያንዳንዱን ሴል ከሚጠብቅ፣ ቢ ኤም ኤስ ከሚባል መቆጣጠሪያ ጋር ተገጥሞ ነው የተሰጠው። ያለ እሱ አንሸጥም ብለን ነበር። ይህ አቋም ገዢ አሽሽቶብናል፣ ግድ የለም።

ከሁሉም ያከራከረን ባለ ባጃጁ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ አለው፣ በአምስት የእርሳስ ባትሪ፣ 60 ቮልት። የእርሳሶቹ ክብደትና ድካም ሰልችቶታል። «ወንድሜ፣ ስምንቱን ብወስድ ቮልቱ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል። ቻርጀርህስ?»

«ያው የድሮው ነዋ።»

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ስምንት ሞጁል ማለት 16 ሴል በተከታታይ ነው፣ ጣሪያው 66.4 ቮልት። የእሱ የእርሳስ ቻርጀር ግን ወደ 73 ይገፋል። አንዱ ሴል 4.15 ላይ መቆም ሲገባው ከ4.5 በላይ ይደርሳል። ያ ባትሪ ተሳፋሪ ጭኖ ነው የሚቀጣጠለው። «እናንተ ደግሞ ታካብዳላችሁ» ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። በኋላ ራሱ አንድ ኤሌክትሪሻን ጠይቆ ተመለሰ። ዘጠኝ ሞጁል ወሰደ፣ የዘጠኙ ጣሪያ 74.7 ስለሆነ ቻርጀሩ ከዚያ በታች ይቆማል። የሞተር መቆጣጠሪያው ያንን ቮልት መቻሉ ታየ። ለ18 ሴል የሚሆን ቢ ኤም ኤስም ከአዲስ አበባ አስመጣ። አሁን ይሠራበታል።

መካከለኛ የሆኑት ሰባቱ ጋሼ ቤት ቀሩ። ለሳሎኑ መብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለዋይፋይ ይበቃሉ። የቀሩት አራቱ ዳገቱ ላይ ያሳበቁት ናቸው።

ሌላው ሌላው

የሞተሩ ወሬ ሲወጣ ቀድሞ የደወለው ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። «ሦስት ፌዝ ነው አይደል?» ነው። ግን ከመብራት ኃይል መስመር ላይ አይሰካም። ውስጡ ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ነው። የሚሽከረከረው የማግኔቱን አቀማመጥ በየቅጽበቱ እያነበበ ኃይል በሚሰጠው የራሱ ኢንቨርተር ብቻ ነው። ኢንቨርተሩም የመኪናዋን ኮምፒውተር ትእዛዝ ይጠብቃል። ሰውየው አዘነ። ሞተሩን ነጥሎ መሸጥ ማለት ስለዚህ መዳብ በኪሎ መሸጥ ነው። እኛ ሞተሩን፣ ኢንቨርተሩን፣ ማርሹን፣ ኮምፒውተሩንና ገመዶቹን ሳንለያይ አንድ ላይ ለሽያጭ አቀረብን።

አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለማስተማሪያ ፈልጎት ነበር። መምህሩ ዓይኑ በርቶ ነው የመጣው። ሦስት ፕሮፎርማና ደረሰኝ ሲባል ግን ነገሩ ተበላሸ። አንድ ጡረተኛ ከየት አምጥቶ ደረሰኝ ይቆርጣል? አገር ውስጥ እንደ ልብ የማይገኝ ነገር ላይ ሦስት ፕሮፎርማ መጠየቅስ ምን ይባላል? በመጨረሻ የወሰደው አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የጀመረ የግል ጋራዥ ነው። መኪናዋ ስትነዳ የተቀረጸውን ቪዲዮ በስልኩ አይቶ ነው ቀብድ የላከው። ከባትሪው ቀጥሎ ትልቁ ገቢ ይሄ ሆነ።

ጎማዎቹ 205/55 አር 16 ስለሆኑ ለብዙ መኪና ይሆናሉ፣ መካኒኩ ቃል እንደተገባለት ወሰዳቸው። ቸርኬው ትንሽ አጓተተ። አምስት ብሎን፣ ብሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብ ስፋትም 114.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሀዩንዳይ ኤላንትራ ያለው ሰው «የእኔ ነው» ብሎ መጣ። ብሎኑ ገጠመ፣ መሀሉ ግን እምቢ አለ። የኒሳን መሀል ቀዳዳ 66.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሀዩንዳይ 67.1 ነው፣ አንዷ ሚሊ ሜትር ሽያጩን አፈረሰችው። የቶዮታ መሀል 60.1 ስለሆነ በቀለበት ይሞላል። ስለዚህ ራቭ ፎር ላይ ገባ።

ስፖኪዮ፣ ፓራውልት፣ ኮፈንና ፍሬቻ ለሌላ ሊፍ እንጂ ለማንም አይሆኑም። አዳማ ላይ ሊፍ እየጠበቁ መቀመጥ አያዋጣም ብለን ሶማሌ ተራ ላለ ነጋዴ በጅምላ ሰጠናቸው። በተናጠል ቢሸጡ የተሻለ ያወጡ ነበር፣ ግን ለስንት ዓመት? የኋላው ወንበር ፀጉር ቤት ገባ፣ ለወረፋ ጠባቂ። የፊቶቹን አልሸጥንም፣ ጎናቸው ውስጥ ኤርባግ አለ። ኤርባግ ፈንጂ ነው፣ ሳሎን ውስጥ አይቀመጥም።

ሊብሬና ታርጋ

ደላላው «ሊብሬውን ብቻ ስጡኝ» ብሎ ሌላ ሰው ልኮ ነበር። ያለ መኪና ሊብሬ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚፈልገው መገመት አያስቸግርም። የሻንሲ ቁጥሩና ወረቀቱ ሌላ አጠያያቂ መኪና ላይ ቢወጣ የሚጠየቁት ጋሼ ናቸው። ስለዚህ ቅርፊቱ ከመሸጡ በፊት ታርጋው ተመለሰ፣ መኪናዋ ከአገልግሎት መውጣቷም በወረቀት ተያዘ። መመላለሱ አሰልቺ ነበር። ግን ከሁሉም አስቀድሞ ቢጀመር ይሻላል፣ ሌላው ሥራ እየተሠራ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ባዶውን ቅርፊት ቁራሌው ገዛው። ከባትሪው፣ ከሞተሩና ከጎማው በኋላ የሰጠው ብር መጀመሪያ ለሙሉ መኪናዋ ከጠራው ብዙም አላነሰም፣ ሲጀመርም የቆጠረው ብረቱን ብቻ ነበር። ባጠቃላይ የተገኘው፣ የኪራይ ገመዱ፣ የቢ ኤም ኤሶቹና የሠራተኛው ወጪ ተቀንሶ፣ ደላላው ከሰጠው ዋጋ በብዙ እጥፍ በለጠ። ሥራው ወራት ወስዷል፣ ጋሼ ደግሞ ጊዜ ነበራቸው። ጊዜ ለሌለው ሰው መኪናዋን አስነስቶ፣ አስመርምሮ፣ ከነማስረጃው ለአንድ ጋራዥ ሙሉዋን መሸጥ ሳይሻል አይቀርም። ያም ቢሆን ከደላላው ዋጋ በላይ ነው።

የቀሩት አራቱ ደካማ ሞጁሎች ናቸው። የ12 ቮልቱን የእርሳስ ባትሪ ገና ከመኪናዋ ሳይወርድ ነው የገዙን፣ ለእርሳስ ገዢ በየመንደሩ አለ። ለእነዚህ ግን የሚረባ ገዢ አላገኘንም። ቁራሌው በነፃ ልውሰድ ብሎ ነበር። አሉሚኒየሙን በመዶሻ እንደሚፈልጠው ስለምናውቅ ከለከልነው፣ የተወጋ የሊቲየም ባትሪ እሳት ይይዛል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ቻርጃቸው ዝቅ ተደርጎ፣ ጫፋቸው ተሸፍኖ፣ በአሸዋ የተሞላ የብረት ሳጥን ውስጥ ከቤት ራቅ ብለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ በየወሩ ቮልታቸውን ይለካል። ካበጠ ወይም ከሞቀ እንዲደውልልኝ ተነጋግረናል።